ሴፕቲክ ሾክ፦ የደም ግፊት ከመውረዱ በፊት ያለው ጊዜ

ሴፕቲክ ሾክ ራሱን ችሎ ከውጭ የሚመጣ በሽታ አይደለም። በሳንባ ምች፣ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ ከወሊድ በኋላ ማህፀን ውስጥ በተፈጠረ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም ማንም ልብ ባላለው የቆዳ ቁስል ተጀምሮ፣ በጊዜ ካልተገታ የአካል ክፍሎችን አንድ በአንድ እያደከመ የሚሄድ ሂደት የመጨረሻው ደረጃ ነው። በመነሻው ኢንፌክሽንና በሴፕቲክ ሾክ መካከል ያለው ደረጃ ሴፕሲስ ይባላል። ብዙ ሰው ጉዳዩን «ጀርም ደም ውስጥ ሲገባ የሚመጣ ሕመም» አድርጎ ይረዳዋል፤ ይሁን እንጂ ደማቸው ተመርምሮ ምንም ባክቴሪያ ያልተገኘባቸው ብዙ ሕሙማንም ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ ይገባሉ። ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥለው ጀርሙ በቀጥታ የሚያደርሰው ጉዳት ብቻ ሳይሆን፣ ሰውነት ጀርሙን ለመመከት የሚሰጠው ምላሽ ሥርዓቱን ስቶ የራሱን አካል መጉዳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ቡድን ያሳተመው ትርጓሜም ሴፕሲስን የሚገልጸው በዚሁ መንገድ ነው፤ ለኢንፌክሽን የተሰጠ ሥርዓት የለቀቀ የሰውነት ምላሽ የአካል ክፍሎችን ሥራ ሲያስተጓጉልና ሕይወትን አደጋ ላይ ሲጥል።

የችግሩን ስፋት ለመገመት እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውን ጥናት መመልከት ይጠቅማል። በጥናቱ ግምት መሠረት በ2017 ብቻ 48.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሴፕሲስ ተይዘዋል፤ 11 ሚሊዮን ያህሉ ሞተዋል። ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከሞቱት ሰዎች ሁሉ ከአምስቱ አንዱ ከሴፕሲስ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሕይወቱ አልፏል ማለት ነው። ከታማሚዎቹ 20 ሚሊዮን የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በዚያው በ2017 የዓለም ጤና ጉባኤ አባል አገሮች ሴፕሲስን ለመከላከል፣ ለመለየትና ለማከም እንዲሠሩ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። ይህን ያህል ሰው የሚገድል ሕመም ስሙ እንኳ በብዙዎች ዘንድ አለመታወቁ በእጅጉ ሊያሳስበን ይገባል፤ ምክንያቱም የዚህ ሕመም ሕክምና ውጤት ከሁሉ በላይ የሚወሰነው ታማሚው ስንት ሰዓት ላይ ሐኪም ዘንድ እንደደረሰ ነው።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት ከትንሽ ቁስል መነሳት ይቻላል። ጣት ተቆርጦ ባክቴሪያ ሲገባበት፣ በቦታው ያሉ የመከላከያ ሴሎች ባክቴሪያው የለበሰውን ግድግዳ ስሪት ይለያሉ። ለምሳሌ የአንዳንድ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን ሊፖፖሊሳካራይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ብሩስ ቦይትለርና ባልደረቦቹ ይህን ንጥረ ነገር የሚለየውን ተቀባይ በመከላከያ ሴሎች ላይ አግኝተዋል፤ ቦይትለርም በዚህ ዘርፍ ባደረገው ምርምር በ2011 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሴሎቹ ባክቴሪያውን ከለዩ በኋላ ሳይቶካይን የሚባሉ የመልእክት ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። በመልእክቱ መሠረት በቁስሉ አካባቢ ያሉ ትናንሽ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳና ፈሳሽና ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቁስሉ እንዲያልፉ ይፈቅዳል፣ ደምም በአካባቢው ረግቶ ጀርሙ እንዳይሰራጭ ይዘጋዋል። በቁስል ዙሪያ የምናየው መቅላት፣ ማበጥና መሞቅ የዚህ ሥራ ምልክት ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሌሎች መልእክቶች ምላሹን ያበርዱታል።

በሴፕሲስ ጊዜ ለአንድ ጣት የታሰበው ይህ ምላሽ በመላ ሰውነት ላይ ይካሄዳል። የደም ሥሮች በየቦታው ይሰፋሉ፤ ለዚህ ከሚያበቁት ነገሮች ዋነኛው የደም ሥር ግድግዳ በብዛት የሚያመርተው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ያው የደም መጠን በሰፋ ቧንቧ ውስጥ ሲፈስ ግፊቱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የትናንሽ ደም ሥሮች ግድግዳ ስለሚያሳልፍ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ወደ ሳንባ፣ ወደ ሆድና ከቆዳ ሥር ወዳለው ሥጋ እየወጣ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ታማሚው አካሉ እያበጠ ደም ሥሩ ውስጥ ግን ፈሳሽ ይጎድለዋል። ደሙም በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ሥሮች ውስጥ መርጋት ይጀምራል፤ እነዚህ ጥቃቅን የደም ርጉዎች ኩላሊትን፣ ጉበትን፣ ቆዳን ከኦክስጅን ይቆርጣሉ። ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮች በዚህ ሁኔታ ስለሚያልቁ ያው ሰው በሌላ በኩል ከድዱ ወይም መርፌ ከተወጋበት ቦታ ደም ሊፈሰው ይችላል። የልብ ጡንቻም ከዚህ ምላሽ አያመልጥም፤ በብዙ ሕሙማን ላይ ለጊዜው ይደክማል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የሴሎች ችግር ነው። ኦክስጅን ቢደርሳቸው እንኳ ሴሎች በሚገባ ሊጠቀሙበት የማይችሉበት ደረጃ አለ፤ በውስጣቸው ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ይታወካሉ። የሴሎች ኃይል የማመንጨት ሥርዓት እንዲህ ሲናጋ ላክቴት የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይከማቻል። ሐኪሞች የላክቴትን መጠን የሚለኩት ስለዚህ ነው፤ የደም ግፊት መለኪያው የማያሳየውን በሴል ደረጃ ያለ ጭንቀት ይጠቁማቸዋል።

አሁን ሴፕቲክ ሾክ በሕክምናው ዓለም በምን እንደሚለይ መናገር ይቻላል። ለአዋቂ ታማሚ በቂ ፈሳሽ በደም ሥር ከተሰጠ በኋላም አማካይ የደም ግፊቱን (በላይኛውና በታችኛው የግፊት ቁጥር መካከል የሚውለውን ልክ) ቢያንስ 65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ላይ ለማቆየት የደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት ካስፈለገና የላክቴቱ መጠን በሊትር ከ2 ሚሊሞል በላይ ከሆነ፣ ያ ሰው ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ ነው። ይህን መስፈርት ካሟሉ ሕሙማን መካከል ሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱት ከ40 በመቶ ይበልጣሉ። ለሕፃናት መስፈርቱ የተለየ ነው፤ በ2024 የወጣው የልጆች መመዘኛ እንደ ዕድሜያቸው የሚለያዩ የደም ግፊት ልኮችን ይጠቀማል። ከ40 በመቶ በላይ የሚለው ቁጥር ተስፋ ሊያስቆርጥ አይገባም። ቁጥሩ የሚናገረው መጨረሻው ደረጃ ላይ ስለደረሱት ነው፤ ቀደም ብለው የሚታከሙት የመዳን ዕድላቸው ከዚህ እጅግ ይሻላል።

ከዚህ ጽሑፍ አንባቢው አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ የምመኘው ይህን ነው፤ የደም ግፊት መውረድ የሕመሙ መጀመሪያ ሳይሆን ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። ሰውነት ግፊቱ እንዳይወድቅ በብርቱ ይታገላል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ደም ከቆዳና ከእጅ እግር ተሰብስቦ ወደ አንጎልና ወደ ልብ ይላካል። በዚህ ትግል ምክንያት መለኪያው ላይ የሚነበበው ቁጥር ለሰዓታት መልካም መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ በተለይ ልጆች ግፊታቸውን እስከ መጨረሻው ይዘው ቆይተው ድንገት ይወድቃሉ። የላይኛው የደም ግፊት ቁጥሩ ሁልጊዜ 170 የነበረ አረጋዊ አሁን 110 ቢለካ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ጤናማ ቢሆንም ለእርሱ ግን ከባድ መውረድ ነው። የልብ ምትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ደግሞ ልቡ በፍጥነት ላይመታ ስለሚችል ከምልክቶቹ አንዱ ይሸፈናል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የደም ሥሮች በመስፋታቸው ቆዳው ሞቅና ቀላ ያለ ሰውም አለ፤ እንዲህ ያለውን ታማሚ አይቶ «ደህና ነው» ማለት ቀላል ነው።

ስለዚህ አስታማሚ ከቁጥሩ በፊት ሰውየውን ማየት አለበት። ትንፋሽ መፍጠን ከቀዳሚዎቹ ምልክቶች አንዱ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጋውም እርሱ ነው፤ ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ በደቂቃ 22 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ከሆነና ኢንፌክሽን ካለበት ወይም ከተጠረጠረ ሊያሳስብ ይገባል። ቀጥሎ የአእምሮ ሁኔታ ነው። ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ቀኑን ወይም ያለበትን ቦታ ይስታል፣ ያለወትሮው እንቅልፍ ይጫነዋል፣ ወይም ንግግሩ ይኮላተፋል። በአረጋውያን ላይ አንዳንዴ ከዚህ ሌላ ምልክት አይታይም፤ «ዕድሜ ነው» እየተባለ ሰዓቱ የሚባክነውም በእነርሱ ላይ ነው። ቤተሰብ «እንደ ወትሮው አይደለም» ካለ የሕክምና ባለሙያ ያንን ቃል እንደ አንድ የምርመራ ውጤት ቢቀበለው መልካም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ታማሚው በጤናው ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ሽንት መቀነስ ኩላሊት በቂ ደም እያገኘ አለመሆኑን ያሳያል፤ ከግማሽ ቀን በላይ ሽንት ያልሸና ወይም በጣም ጥቂትና የጠቆረ ሽንት ብቻ የሚሸና ታማሚ ሳይውል ሳያድር መታየት ይኖርበታል። የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ የቆዳ መዥጎርጎር፣ የከንፈር መገርጣት ወይም መጥቆር የደም ዝውውር መዳከም ምልክቶች ናቸው። በጠቆረ ቆዳ ላይ የቀለም ለውጥ በቀላሉ ስለማይታይ የእጅ መዳፍን፣ የእግር ጫማን፣ ከንፈርን፣ ምላስንና የዐይን ቆብ ውስጠኛውን ክፍል ማየት ያስፈልጋል። የጣት ጫፍን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መልቀቅም ብዙ ይናገራል፤ የቀድሞው ቀለም እስኪመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ደም በሚገባ እየደረሰ አይደለም። ይህን ያለ ምንም መሣሪያ የሚደረግ ምርመራ ማቃለል አይገባም፤ በ2019 በአምስት የደቡብ አሜሪካ አገሮች የተደረገ ጥናት ሕክምናን በዚህ ዘዴ መምራት በላክቴት ልኬት ከመምራት የከፋ ውጤት እንደሌለው አሳይቷል።

ስለ ትኩሳት ለብቻው መናገር ግድ ነው። ትኩሳት የኢንፌክሽን ምልክት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን በአረጋውያን፣ በጨቅላ ሕፃናትና የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ትኩሳት ላይኖር፣ እንዲያውም የሰውነት ሙቀት ከ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ይችላል፤ መቀዝቀዙ ከመጋሉ ይልቅ የከፋ ምልክት ነው። ጨቅላ ሕፃን ጡት አልጠባ ካለ፣ ከተዝለፈለፈ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ሲተነፍስ ካቃሰተ ትኩሳት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በጣት ወይም በብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ ሐምራዊ ሽፍታ ከማጅራት ገትር ባክቴሪያ ጋር የተያያዘ ሴፕሲስ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድን ይጠይቃል።

ሴፕሲስ ማንንም ሊይዝ ይችላል፤ ሆኖም ጨቅላ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዱ እናቶች፣ የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ ኬሞቴራፒ የሚወስዱ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለና ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

ሕክምናው በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር መሥራትን ይጠይቃል። መጀመሪያ ለላቦራቶሪ ደም ይወሰዳል፤ ባክቴሪያው ከደሙ ናሙና አድጎ እስኪለይ ግን ቀናት ስለሚወስድ አንቲባዮቲክ ውጤቱን ሳይጠብቅ ይጀመራል። ሴፕቲክ ሾክ በተጠረጠረ ጊዜ ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል። በ2006 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ግፊታቸው ከወረደ በኋላ አንቲባዮቲክ ለመጀመር በዘገየ በእያንዳንዱ ሰዓት የመትረፍ ዕድል በአማካይ 7.6 በመቶ ሲቀንስ ተመልክቷል። ይህ አስቸኳይነት ለሾክና ሴፕሲስ የመሆን ዕድሉ ከፍ ላለ ሕመም ነው፤ ሾክ ውስጥ ላልገባና ሴፕሲስ መሆኑ ላልተረጋገጠ ታማሚ መመሪያው እስከ 3 ሰዓት ድረስ ፈጣን ምርመራ ለማድረግ ጊዜ ይሰጣል፤ አንቲባዮቲክ ያለ ቦታው ሲሰጥ ነገ የማይበገር ባክቴሪያ ይፈጥራልና። ኢንፌክሽኑ የተጠራቀመ መግል፣ የተበሳ አንጀት፣ በድንጋይ የተዘጋ የሽንት ቱቦ ወይም የበሰበሰ ሥጋ ከሆነ ደግሞ አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም። መግሉ መፍሰስ፣ የተዘጋው መከፈት፣ የበሰበሰው መወገድ አለበት፤ ይህ በዘገየ ቁጥር ሌላው ሕክምና ሁሉ ኃይሉን ያጣል።

የግፊቱ ሕክምና የሚጀምረው በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ነው። መመሪያው ለአዋቂ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ ግራም ክብደት ቢያንስ 30 ሚሊሊትር ይጠቁማል። ይሁን እንጂ «ፈሳሽ በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው እምነት በከባድ ዋጋ ተፈትኗል። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ በጠና የታመሙ ሕፃናትን ያሳተፈውና በ2011 ይፋ የሆነው ጥናት በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው ሕፃናት መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ 10.5 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ፈጣን ፈሳሽ ካልተሰጣቸው ግን የሞቱት 7.3 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2017 የወጣ የዛምቢያ ጥናትም ብዙዎቹ ኤችአይቪ በደማቸው ባለባቸው አዋቂዎች ላይ ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል፤ ፈሳሽና የግፊት መድኃኒት በተወሰነ ፕሮቶኮል ከተሰጣቸው 48.1 በመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 33 በመቶ ሞተዋል። እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት መተንፈሻ መሣሪያና ጽኑ ሕሙማን ክፍል በቀላሉ በማይገኝበት ሁኔታ ነው። ፈሳሹ በሚያሳልፍ ደም ሥር በኩል ሳንባ ውስጥ ሲገባ መልሶ የሚያወጣ ወይም በመሣሪያ የሚያስተነፍስ ከሌለ፣ ለማዳን የተሰጠው ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ከአንድ የዓለም ክፍል የተገኘን መመሪያ ሁሉም ቦታ እንዳለ መገልበጥ እንደማይገባ ከእነዚህ ውጤቶች የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

ፈሳሹ ካልበቃ ኖርኤፒነፍሪን የተባለው መድኃኒት ይጀመራል። የሰፉትን ደም ሥሮች አጥብቦ ግፊቱን ያነሳል፤ ካልበቃ ቫዞፕሬሲን ይታከልበታል፤ የግፊት መድኃኒቱ ፍላጎት ከቀጠለም ሃይድሮኮርቲዞን በመጠኑ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም ሾኩ የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል። ሳንባ ከደከመ ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ኩላሊት ከቆመ የኩላሊት እጥበት ይታከላል። እነዚህ ሁሉ ጊዜ ይገዛሉ እንጂ በራሳቸው በሽታውን አያጠፉም።

ምላሹ ራሱ የሚጎዳ ከሆነ ምላሹን የሚያፍን መድኃኒት ለምን አይሰጥም የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ብዙ ተሞክሯል። ከሙከራዎቹ የታወቀው አክቲቬትድ ፕሮቲን ሲ የተባለው መድኃኒት በ2001 በአሜሪካ ተፈቅዶ፣ ሕይወት እንደማያድን በሌላ ጥናት ሲታይ በ2011 ከገበያ ወጥቷል። ለሙከራዎቹ መክሸፍ አንዱ ምክንያት ምላሹ «ከመጠን በላይ» ብቻ አለመሆኑ ነው፤ በዚያው ታማሚ ውስጥ አንዱ የመከላከያ ክፍል ሲጋጋል ሌላው ይሽመደመዳል፣ ብዙ ሕሙማንም ከመጀመሪያው ሾክ ተርፈው በሆስፒታል ውስጥ በሚይዛቸው ሁለተኛ ኢንፌክሽን ይጎዳሉ። እስካሁን ከየትኛውም ረቂቅ መድኃኒት ይልቅ ሕይወት ያተረፈው ቶሎ መለየት፣ ቶሎ አንቲባዮቲክ መጀመርና በአጠገብ ሆኖ መከታተል ነው።

መከላከሉም የታወቀና ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ በቪየና ማዋለጃ ክፍል ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ፣ ከ10 በመቶ በላይ የነበረው የወላዶች ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወርዷል። እናቶቹን የሚገድላቸው የነበረው ዛሬ ሴፕሲስ የምንለው ነው። የሳንባ ምች፣ የማጅራት ገትርና የጉንፋን ክትባቶች፣ ንጹሕ ወሊድ፣ ቁስልን በንጹሕ ውሃና ሳሙና ማጠብ፣ የታዘዘን አንቲባዮቲክ በትእዛዙ መሠረት መጨረስ፣ ያልታዘዘን ደግሞ አለመውሰድ ሁሉም ሴፕሲስን ከምንጩ ያርቃሉ።

ሕመሙ ከሆስፒታል በመውጣት አያበቃም። የጡንቻ መዛል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የመርሳት ችግር፣ ቅዠትና ጭንቀት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያሉ። በ2010 በአሜሪካ በአረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት መካከለኛና ከባድ የአእምሮ ብቃት መቀነስ ከሴፕሲስ በፊት 6.1 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይታይ እንደነበረና ከተረፉ በኋላ ወደ 16.7 በመቶ ከፍ ማለቱን አግኝቷል። የተረፈው ሰው «ድኛለሁ ተብዬ ለምን እንዲህ ደከምኩ» ብሎ ራሱን እንዳይወቅስ ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ቀስ እያለ የሚጨምር የአካል እንቅስቃሴ፣ በቂ ምግብና የአእምሮ ጤና ድጋፍም የሕክምናው አካል ናቸው። በቀጣዮቹ ወራት ዳግም ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ሲሰማው በዚያው ቀን ሊታይና ለሚያየው ሐኪም በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሴፕሲስ ይዞት እንደነበረ ሊናገር ይገባል።